የምድር ቤታችን ሊቀ ገመድ

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የሚሠራ ዕቃ ሲያይ ተመስገን ብሎ ያልፋል፤ ሁለተኛው የሚሠራ ዕቃ ሲያይ እጁን ይበላዋል። ሁለተኛው ወገን በቁጥር ጥቂት ቢሆንም በደንብ የተከፋፈለ ስለሆነ በየሕንፃው አንድ አንድ ይደርሳል። በኤስሊንገን ከተማ፣ ከወይን ተክሉ ኮረብታ ሥር ለተሸጎጠው ሕንፃችን የደረሱት ክቡር አቶ ዲትማር ብሬንድሌ ናቸው።

አቶ ብሬንድሌ ዕድሜያቸውን በመነጽር ፋብሪካ ሌንስ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ አትክልት ይኮተኩታል፣ ወይም ከማኅበር ጓደኞቹ ጋር ዱላውን ይዞ ተራራ ለተራራ ይዞራል፤ እርሳቸው ግን ራውተር ያዙ። ራውተር መቼም በየቤታችሁ አለች፤ ኢንተርኔቱን ከውጭ ተቀብላ ለየክፍሉ የምታድል፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም የሚል ሣጥን ናት። ለእኔና ለእናንተ ሣጥን ናት። ለአቶ ብሬንድሌ ግን እስረኛ ናት። ፋብሪካው ውስጧ የጫነው ሶፍትዌር የእግር ብረቷ ነው፤ እርሱን አውልቆ፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የጻፉትን ሌላ ሶፍትዌር መጫን ደግሞ ነፃ ማውጣት ነው። «በፋብሪካ ጭንቅላት የምታስብ ሣጥን የማን ናት? የፋብሪካው ናት» ይላሉ፣ ጠቋሚ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው።

ነፃ የወጣችው ሣጥን ታዲያ ወዲያው ሥራ አትጀምርም። ነፃነቷን የምታጣጥም ይመስል መብራቷን አጥፍታ ትቀመጣለች። የአቶ ብሬንድሌ እውነተኛ ሕይወት የሚጀምረውም ያኔ ነው። የሹራባቸውን እጅጌ እስከ ክርን ሰብስበው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ኮምፒውተሩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ገመድ ይነቅላሉ፣ ገመድ ይሰካሉ፣ ቁጥር ይጽፋሉ፣ ቁጥር ይሰርዛሉ። አጠገባቸው የሚቁነጠነጠው የሣጥኗ ባለቤት «እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በሕንፃችን ያለ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን መልስ ይሰጣሉ፤ «አሁን ሊሠራ ነው።»

«አሁን» የሚለው ቃል በአቶ ብሬንድሌ አፍ ውስጥ ሰፊ አገር ነው። ገብቶበት የጠፋ ጎረቤት አለ።

ነገሩ ጭራሽ እምቢ ሲል ደግሞ ሁለተኛው ቃላቸው ይከተላል፤ «ችግሩ ከእኔ አይደለም፣ ከአድራሻው ነው።» እያንዳንዱ ሣጥንና እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ የቁጥር አድራሻ አለው። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ቤቶች እኔ ነኝ ቁጥር አንድ ቢባባሉ፣ ፖስተኛው ደብዳቤውን ይዞ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፤ የእኛም ኢንተርኔት እንደዚያ ፖስተኛ ቆሟል ማለታቸው ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት አድራሻው ሲከሰስ፣ ገመዱ ሲከሰስ፣ የአየሩ እርጥበት ሲከሰስ ሰምቻለሁ። አቶ ብሬንድሌ ሲከሰሱ ግን፣ በራሳቸው አንደበት ማለቴ ነው፣ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ለፍርድ እንዲመች፣ ሁሉም ጥፋት የእርሳቸው አልነበረም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን የአቶ ሃውግን ነገር እንውሰድ። አቶ ሃውግ ባቡር ሲነዱ ኖረው በጡረታ የወጡ ናቸው፤ በቤታቸው ያለ ሥራ መብራት የሚበላ ነገር የለም። ቴሌቪዥኑም፣ ማንበቢያ መብራቱም፣ የኢንተርኔቷም ሣጥን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተው፣ ማከፋፈያው ቀይ ማጥፊያ አለው። ዜናው ሲያልቅ አቶ ሃውግ ከወንበራቸው ሳይነሱ ያቺን ቀይ ማጥፊያ በእግር ጣታቸው ይጫኗታል፤ አባታቸው ኩራዙን እፍ ይሉ እንደ ነበረው መሆኑ ነው። አንድ ቀን አቶ ብሬንድሌ የአዲሱን ሶፍትዌር ግማሽ ጭነው ሳለ ዜናው አለቀ።

«ሣጥኔን ገደሉብኝ» አሉ አቶ ሃውግ በማግስቱ ደረጃው ላይ።

«እርስዎ ነዎት የገደሏት። ያውም በእግር ጣት።»

«ዜናው አልቆ ነበር እኮ።»

«ጭንቅላቷ ግማሽ ገብቶ ነበር እኮ።»

እንዲህ መሐል ላይ መብራት ጠፍቶባት የምትሞትን ሣጥን ባለሙያዎቹ ጡብ ይሏታል። አቶ ሃውግ ደግሞ ምንም ነገር መጣል ስለማይወዱ፣ ጡቧን እስከ ዛሬ የወጥ ቤታቸውን መስኮት ያስደግፉባታል። ያን ክረምት ሁለቱ ሰዎች በረዶ የመጥረግ ተራቸውን ለመነጋገር ካልሆነ በቀር ቃል አልተለዋወጡም።

አቶ ብሬንድሌ እንደ ሰው ደህና አደራችሁ አይሉም። ደረጃ ላይ ሲያገኙህ «ስንት ያገኛሉ?» ይሉሃል፤ የኢንተርኔትህን ፍጥነት ነው። እግሬን ሰብሬ ሆስፒታል በተኛሁ ጊዜ ሊጠይቁኝ መጡ። አበባ አላመጡም፣ ፍራፍሬም አላመጡም። አልጋዬ ጫፍ ቆመው፣ ኢንተርኔት የምታድለውን ሣጥን ፍለጋ ጣሪያውን፣ ጥግ ጥጉን ሲቃኙ ቆዩና፣ በእጃቸው ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «አይዞዎት መምህር፣ አልጋዎ በጥሩ ቦታ ነው ያለው» ብለውኝ ሄዱ።

መምህር የሚሉኝ ለብዙ ዘመን ጂኦግራፊ ስላስተማርኩ ነው። እኔ የመጀመሪያው ወገን ሰው ነኝ። ባደግሁበት ቤት ከእንጨት የተሠራ ትልቅ ሬዲዮ ነበረ፤ ድምፁ ሲንተፋተፍ አባቴ ተነሥቶ በመዳፉ ጎኑን ይመታዋል፣ ሬዲዮውም እንደ ተቆጣ ተማሪ ቀጥ ብሎ ንባቡን ይቀጥላል። አድራሻ የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬም የደወል ድምፅ ስሰማ፣ ከዚያ ጨርቅ ከለበሰው የሬዲዮ ፊት የሚወጣው የእሑድ ደወል ነው ትዝ የሚለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ሣጥኑን ነፃ ለማውጣት አይቸኩልም። ስለዚህ በሕንፃችን በፋብሪካ ጭንቅላት የምታስብ ሣጥን የእኔዋ ብቻ ቀርታ ነበር።

«መምህር፣ ያቺ ሣጥንዎ እንዴት ናት?» ይሉኛል።

«ትሠራለች።»

«እርሱማ ትሠራለች» ይላሉ በሐዘኔታ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ «ግን ለማን ብላ?»

የሕንፃችን ኢንተርኔት የጋራ ነው። ስድስት ቤት ለየብቻ ከመክፈል አንድ መስመር እንካፈል ተባለና፣ ዋናዋ ሣጥን ምድር ቤት ውስጥ፣ ከድንች ማስቀመጫው ጎን ተሰቀለች። ከእርሷ የሚነሡት ገመዶች ድሮ የከሰል ጢስ ይወጣበት በነበረው የጭስ ማውጫ ውስጥ አልፈው ወደየቤታችን ይወጣሉ። ይህን ሁሉ የዘረጉት አቶ ብሬንድሌ ናቸው፤ ሊቀ ገመድ የሚለውን ማዕረግም ያን ጊዜ ነው የሰጠኋቸው። የሞባይል ስልክ እንዳታስቡ፤ በኮረብታውና በወፍራሙ ግድግዳ መካከል ስላለን፣ ስልክ የሚሠራው በጣሪያው መስኮት ግማሽ አካሉን ላወጣ ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ የሰርጉን ቅዳሜ ልንገራችሁ።

ከመግቢያው በር አጠገብ ወይዘሮ ኤርና ሽቬንክ ይኖራሉ። የልጃቸውን ልጅ ስቬንያን እናቷ ከሞተች በኋላ በዚያው ሳሎን ያሳደጉ እርሳቸው ናቸው። ስቬንያ ኒውዚላንድ ሄዳ ሥራ ያዘች፣ ሰው ወደደች፣ ልታገባ ሆነ። ሐኪሙ የወይዘሮ ሽቬንክ ልብ ያን ያህል በረራ አይችልም ብሎ ከለከላቸው። ስለዚህ ሰርጉን በኮምፒውተር መስኮት ያዩታል፣ ሙሽራዋም ከቃል ኪዳኑ በፊት አያቷን፣ ያደገችበትን ሳሎንና ጎረቤቶቿን ታያለች ተባለ። ለእነርሱ ምሽት፣ ለእኛ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

በዚያ ሳምንት መጀመሪያ ወይዘሮ ሽቬንክ አቶ ብሬንድሌን ደረጃው ሥር አስቆሟቸው።

«አቶ ብሬንድሌ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ምንም ነገር እንዳይነኩብኝ።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

«አልነካም፣ ወይዘሮ ሽቬንክ።»

«እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያስገቡና ይንገሩኝ።»

ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው፣ «አልነካም» አሉ።

ሐሙስ ዕለት ነኩ። እኔው ራሴ ከምድር ቤት ሲወጡ አገኘኋቸው። «ለራሳቸው ብዬ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «በአሮጌው ሶፍትዌር ምስሉ ይቆማል። ሙሽራው ሊስማት ሲል አፉን ከፍቶ ቢቀርስ? አዲሱን ጫንኩላት። ጸጥ ብላ እየሠራች ነው።» እውነትም ዓርብ ዕለት ኢንተርኔታችን እንደ ወንዝ ይፈስ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለችው ኔርሚን፣ የከተማ አውቶቡስ የምትነዳው፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?» ብላ እስክትገረም ድረስ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችን ለብሰን ወይዘሮ ሽቬንክ ሳሎን ተሰበሰብን። ጠረጴዛው ላይ የፕለም ኬክ፣ ብሬትሰል የሚባለው ቅቤ የተቀባ ጥምዝ ዳቦና የሚንፈቀፈቅ ወይን ቀርቧል። ወይዘሮ ሽቬንክ ሰማያዊ ልብስ ለብሰው፣ የብር ጌጣቸውን ደረታቸው ላይ ሰክተው፣ ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ አድርገዋል፤ ስቬንያ ባርኔጣውን ሳላይ ቃል ኪዳን አልገባም ብላ ነበር አሉ። ኔርሚን ኮምፒውተሩን ከፈተች። መስኮቱ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ መሽከርከር ጀመረች። ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረች፣ ከዚያ ግንኙነት የለም የሚል ጽሑፍ መጣ።

አቶ ሃውግ ዞር ብለው አቶ ብሬንድሌን አዩ። ሁላችንም አየናቸው።

«ነክተዋታል?» አሉ አቶ ሃውግ።

«ሐሙስ ዕለት… ትንሽ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ሙሉ በሙሉ።»

ወይዘሮ ሽቬንክ ምንም አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና፣ «እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ከተው ነበር እኮ» አሉ።

አቶ ብሬንድሌ ኮምፒውተራቸውን አንሥተው ወደ ምድር ቤት ሮጡ። እኔም ባትሪ ይዤ ተከተልኩ፤ ምክንያቱም የምድር ቤታችን መብራት ቁጠባ ስለሚያውቅ፣ ሰው አይቶ ሳይጨርስ ራሱን ያጠፋል። ኔርሚን ደረጃው መካከል ቆመች፣ አቶ ሃውግ ኮምፒውተሩ ፊት ቀሩ፣ መልእክት በጩኸት ይወጣና ይወርድ ጀመር።

አቶ ብሬንድሌ በሌላ ቀን ቢሆን የመጀመሪያ ቃላቸው «መጀመሪያ ገመዱን» ነበር። ለሰው ሁሉ የሚሰብኩት ይህንኑ ነው፤ ሶፍትዌሩን ከመጠርጠርህ በፊት ገመዱን በዓይንህ እይ፣ የቱ ቀዳዳ ውስጥ እንደ ገባ በጣትህ ዳስስ። ያን ዕለት ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን ጠረጠሩና ገመዱን ረሱት። ድንች መያዣው ሣጥን ላይ ተቀምጠው የሐሙስን ሥራቸውን ከላይ እስከ ታች መመርመር ያዙ።

«አድራሻው ልክ ነው» አሉ ለራሳቸው። ይህን ሲሉ ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። «ለኮምፒውተሮቹ ቁጥር የሚያድለውም ልክ ነው። መምህር፣ ሁሉም ነገር ልክ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይሠራም?»

«እርሱን አላውቅም።» መብራቱ ጠፋ። ባትሪዬን አበራሁ። በብርሃኑ ውስጥ ላባቸው በግንባራቸው ሲወርድ አየሁ።

«ምን እንበላቸው?» አለች ኔርሚን ከደረጃው።

አቶ ብሬንድሌ አፋቸውን ከፈቱ። «አሁን ሊሠራ ነው» ሊሉ መስሎኝ ነበር፤ ዘጉት።

ከላይ የአቶ ሃውግ ድምፅ መጣ፤ «ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ ቆማ እየጠበቀች ነው በይልኝ ለሊቁ። ወይዘሮ ሽቬንክን ጣሪያ ላይ ላውጣቸው ወይ በይልኝ።»

«ሣጥኗን አጥፍተን እናብራት» አሉ አቶ ብሬንድሌ። «እዚህ ያብሩልኝ፣ ጀርባዋን።»

ባትሪዬን ወደ ሣጥኗ ጀርባ አዞርኩ። የአቶ ብሬንድሌ እጅ አየር ላይ ቆመ።

የሣጥኗ ጀርባ ያበራል። በዚያ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከድንቹና ከአሮጌ ብስክሌቶቹ መካከል፣ አንድም የአቧራ ቅንጣት አልነበረባትም። ገመዶቹም አንድ በአንድ ተወልውለው፣ እንደ ሰልፈኛ ትከሻ ለትከሻ ተደርድረዋል። ዘጠኝ ቀዳዳ አለ፤ ስምንቱ ጎን ለጎን፣ አንዱ ለብቻው ራቅ ብሎ። ከውጭ የሚመጣው ገመድ መግባት ያለበት በዚያች ለብቻዋ በተቀመጠችው ቀዳዳ ነው። እርሷ ግን ባዶዋን ነበረች። ገመዷ ከሌሎቹ ጋር ሰልፍ ውስጥ ገብታለች።

አቶ ብሬንድሌ አየሩን አሸተቱ። እኔም አሸተትኩ። ሳሙና ሳሙና ይላል። የውኃ ቧንቧው ላይ አንድ እርጥብ ጨርቅ በአራት ታጥፎ ተሰጥቷል።

በሕንፃችን የጽዳት ሳምንት የሚባል ነገር አለ። ትንሿ የእንጨት ሰሌዳ የተንጠለጠለችበት በር ባለቤት በዚያ ሳምንት ደረጃውንና ምድር ቤቱን ያጸዳል፤ ሰሌዳዋ ሰርግ አታውቅም፣ ሐዘን አታውቅም። በዚያ ቅዳሜ የተንጠለጠለችው ወይዘሮ ሽቬንክ በር ላይ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ቤታቸው ሊሰበሰብ፣ ሰው ቢወርድ ያልተጠረገ ምድር ቤት ሊያይ? ሰማያዊውን ልብስ ከመልበሳቸው በፊት ጎሕ ሲቀድ ወርደው ጠርገዋል፣ ወልውለዋል፣ ሣጥኗንም እንደ ሻይ ዕቃ አብሰዋል። ከዚያ ገመዶቹን ሲመልሱ፣ አንዷ ከሰልፉ ወጥታ ለብቻዋ የቆመችበት ምክንያት አልታያቸውም። የሥርዓት ሰው ናቸውና አሰለፏት።

የአቶ ብሬንድሌ ፊት ቀስ በቀስ በራ። ይህን ፊት ከሌንስ ፋብሪካው በክብር ሲሸኙ በተነሡት ፎቶግራፍ ላይ እንኳ አላየሁትም።

«መምህር» አሉ በሹክሹክታ፤ «ከእኔ አይደለም።»

«አይደለም» አልኩ።

«ከአድራሻውም አይደለም።»

ገመዷን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ እርግብ ወደ ጎጆዋ እንደሚመልስ ሰው፣ ለብቻዋ ወደተቀመጠችው ቀዳዳ መለሷት። ቀጭ አለች። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፣ ብርቱካንማ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ። ከላይ የሕዝብ ድምፅ ተሰማ።

«መጣ!» አለች ኔርሚን።

«ምን ሆኖ ነበር?» ሲሉ አቶ ሃውግ ከላይ ጠየቁ። ጥያቄው የዳኛ ጥያቄ ነበር። አቶ ብሬንድሌ ደረት ነፍተው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ፤ ለዓመታት የጠበቁት ችሎት ደርሶላቸዋል፣ ማስረጃው እጃቸው ላይ ነው፣ ምስክሩ ባትሪ ይዞ ከኋላቸው አለ።

የላይኛው ደረጃ ላይ ወይዘሮ ሽቬንክ ቆመው ነበር። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«አቶ ብሬንድሌ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ጠዋት አቧራዋን ጠርጌላት ነበር። የነካሁባት ነገር ይኖር ይሆን?»

የደረጃው መብራት ጠፋ፣ ኔርሚን መልሳ አበራችው። አቶ ብሬንድሌ ባርኔጣውን አዩት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ምንም አልነኩም፣ ወይዘሮ ሽቬንክ» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሐሙስ ዕለት አንድ ቁጥር አሳስቼ ጽፌ ነበር።»

«አላልኩም ነበር?» አሉ አቶ ሃውግ።

«ብለዋል፣ አቶ ሃውግ። ብለዋል።»

ሰርጉን አየን። ስቬንያ ብቅ ስትል የመጀመሪያ ቃሏ «አያቴ፣ ባርኔጣሽ የታለ?» የሚል ነበር፤ ወይዘሮ ሽቬንክ አደረጉት፣ እዚያም እዚህም ተለቀሰ። አቶ ብሬንድሌ ከሁላችን ኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ቃል ኪዳኑ መካከል ምስሉ ለአፍታ ቆም ሲል ሁሉም ሰው ዞሮ አፈጠጠባቸው። እርሳቸው ግን እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።

አቶ ሃውግ ያቺን ኑዛዜ ሥጋ ቤት ድረስ ወስደው አወሯት። ሊቁ ራሱ አመነ እያሉ፣ የእግር ጣታቸውም በዚያው ነፃ እንደ ወጣ ቆጠሩት። አቶ ብሬንድሌም በየደረጃው ሲቀለድባቸው አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ከቀጭን ጣውላ ክዳን ያለው ቤት ሠርተው ዋናዋን ሣጥን ከተቷት። «ከእንግዲህ አቧራ አይገባባትም፣ ወይዘሮ ሽቬንክ፤ አይልፉ» አሏቸው። ወይዘሮ ሽቬንክ ተራቸው ሲደርስ አሁን ክዳኑን ይወለውላሉ።

እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ አቶ ሃውግ ጋዜጣ የሚያነቡት የስፖርቱን ገጽ ብቻ ስለሆነ እዚህ መጻፌ አያስፈራኝም፣ ወይዘሮ ሽቬንክም አሁን ኒውዚላንዳዊ የልጅ ልጅ ልጃቸውን ፎቶግራፍ ከማየት ሌላ ጊዜ የላቸውም። ባለፈው ሰኞ ሣጥኔን ከነገመዷ ነቅዬ፣ በክንዴ ታቅፌ፣ የአቶ ብሬንድሌን በር አንኳኳሁ።

ሣጥኗን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ተበላሸች?»

«አልተበላሸችም።»

«ትሠራለች?»

«በደንብ ትሠራለች።»

«ታዲያ ምን ላድርጋት?»

«እንደ ወደዱ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ የሹራባቸውን እጅጌ ሰበሰቡ፣ ሣጥኔን ከእጄ እንደ ሕፃን ተቀብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት የለኝም። ይህን ጽሑፍ በእጄ ጽፌ፣ ለአዘጋጁ በፖስታ ነው የምልከው። ዛሬ ጠዋት ፖስታውን ይዤ ስወርድ በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሣጥኔ መብራቷን አጥፍታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፣ አቶ ብሬንድሌ ከጠረጴዛው ሥር ናቸው። እንዳላስቸግራቸው ድምፅ ሳላሰማ አልፌ ልሄድ ስል ከዚያው ከሥር ጠሩኝ።

«መምህር፣ አሁን ሊሠራ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው፤ «አይቸኩሉ።»